ቀዩ ሲባጎ

በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ ቫርዶ ደሴት ላይ፣
ኅዳር ጠልቃ ጥር ላይ በምትወጣው ፀሐይ፣
የመረብ መጠገኛው ቤት ግድግዳው ሰሌዳ አለበት፣
የቸገረው ሁሉ መጥቶ ጥያቄውን የሰቀለበት።

«ሸርጣን ወጥመዴን ያጎብጣል፤ ሽቦው ምን ዓይነት ይሁን?»
«የባሌ ሹራብ ክርኑ አለቀ፤ በምን ስፌት ልድፈን?»
«የጓዳዬ ቧንቧ ሌሊት እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤
ነፋስ ነው ወይስ ውሃ? ይህን ማን ይመልሳል?»

መላሽ ከሥሩ ይጽፋል፣ ያወቀም፣ ያወቀ መሳይም፣
በእርሳስ፣ በቀለም፣ በከሰል፤ ማንም ማንንም አይከለክልም።

ሕጉን ያወጣችው ሃልዲስ ናት፣ የመረብ ቤቱ ባለቤት፣
ቀኝ እጇን መዘውር ጎድቷት በግራ የምትጽፍ ሴት፤
ፊደሏ ነፋስ እንደገፋው አጥር ያዘነብላል።
ከበሩ በላይ ተጽፏል፣ የገባ ሁሉ ያነበዋል፦
«የጠየቀ ራሱ ይዝጋ።» ሌላ ቃል የለም።

ሞክሮ ከበጀው መልስ ላይ ቀይ ሲባጎ ይቋጥራል፤
ወረቀቱም ከግድግዳ ወርዶ መሳቢያ ውስጥ ያድራል።
መዘጋት መጣል አይደለም። ያው ችግር የያዘው ሌላ
ነገ ይመጣል፣ ይስበዋል፣ ቀዩን ያያል፣ ይድናል በኋላ።
ይገርመኛል፦ ሌላ ቦታ ቋጠሮ ሲፈታ ነው ደስታ፤
እዚህ ግን ይቋጠራል፣ ነገሩ የተፈታ ለታ።

ኦድቫር አለ፣ ጡረተኛ መካኒክ፤ «አርባ ሁለት ቀይ አለኝ» ይላል፤
የማያውቀው ሲጠየቅም ሁለት ገጽ ይጽፋል።

አይቪን የሚሉት ወጣት አንድ የጨለማ ሰሞን
«ሞተሬ ሦስት ሰዓት ሮጦ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ምን ልሁን?»
ብሎ ሰቀለ። አምስት መልስ ተጻፈለት በሳምንት።
ከዚያ አይቪን የለም። ሞተሩ ግን ይሰማል ጠዋት ጠዋት፣
ዱግ ዱግ ዱግ፣ ሳያቋርጥ፣ ደሴቱን ሲዞር በጤና።
ወረቀቱ ሁለት ዓመት ተሰቀለ፤ ቢጫ ሆነና
ጠርዙ ተጠቀለለ።
                      አንድ ሌሊት ኦድቫር መጣ፤
በራሱ መልስ ላይ ቀዩን አስሮ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።
ሃልዲስ ጠዋት አየችው። በጥርሷ ነክሳ ፈታችው።
«ሞተሩ ያንተ ነው? ማን ዳኛ አደረገህ?» አለችው።
«እንግዲያ አንቺ ዝጊዋ!»
«እኔማ» አለች፣ «እኔማ…»
የቀረውን ዋጠችው። ነፋስ በሩን ገፋው።

ሩታ መጣች፣ ሊትዌኒያዊት፣ አሳ ፋብሪካ የቆየች፣
ከእህቷ ጋር ተጋርታ አሮጌ ጀልባ የገዛች።
ያው ሕመም፦ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር።
አምስት መልስ አየች ሰሌዳው ላይ፤ አንድም ቀይ ክር
የለም። ምን ታድርግ? ከላይ ጀመረች።
የኦድቫርን ሁለት ገጽ ይዛ ፓምፑን በሞላ ፈታች፦
አንድ ቀን። ማጣሪያ ለወጠች፦ ሌላ ቀን፣ ገንዘብም።
በሦስተኛው ከባሕር በገመድ ተጎትታ መጣች። ኮዱም
አለፋት፤ አሳ ቀጠሮ አያውቅም።
አራተኛው አንድ መስመር ነው፣ ስም የለው፣ ያዘነበለ፦
«የነዳጅ ታንኩን መተንፈሻ እዪው፤ በረዶ ይደፍነዋል» ያለ።
በጣቷ ዳበሰችው። እውነትም፣ የጠጠር ታህል በረዶ።
ሞተሩ ዘጠኝ ሰዓት ሠራ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ሄዶ።

ሲባጎ ልታስር ስትል ሃልዲስ ሕጉን አሳየቻት።
«ጠያቂው የት ነው ታዲያ?» በአገጯ ጠቆመቻት።

አይቪን ጀልባ ይቀባል። «እሱማ? ካቻምና እኮ ዳነ!
ረስቼው ነው» አለ፣ ሳቀ፣ እንደ ቀላል ነገር ሆነ።
«እንግዲያ» አለችው ሩታ፣ «ሦስት ቀኔን መልስልኝ።»

ሳይታጠብ መጣ። አረንጓዴ ጣቱ ቀዩን አቆሸሸው።
አራተኛው ላይ ቋጠረ፣ ከሥሩም ጻፈ፦ «ይኸኛው ነው።
በማግስቱ ሠርቶልኛል። ይቅርታ።»

እንቆቅልሽ ያልፈታ ሰው አገር ይሰጥ ነበር ድሮ፤
እዚህ ባለዕዳው ሌላ ነው፦ ተፈትቶለት ዝም ያለ አድሮ።

ኦድቫር ግን ቆሞ ቀረ። መነጽሩን ጠረገ፣ አነበበ፣
ደግሞ አነበበ። አርባ ሁለቱን በልቡ አሰበ።
ብጣሽ ወረቀት ቀደደ፤ በሰባ ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ጥያቄ ሰቀለ፦
«ይህ አጭር መልስ የማን ነው? እጁን ልጨብጠው።»

ሃልዲስ የአይቪንን ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ከተተች፤
መረቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በግራ እጇ ቀጠለች።